ዳንኳህ፣ ንክሩማና ዓለም በቃኝ፦ የአምስት ቀን የአዲስ አበባ ማስታወሻ

ረቡዕ፣ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከሐዋሳ በማለዳው አውቶቡስ ተነሥቼ ከቀትር በኋላ አዲስ አበባ ገባሁ። ቅዳሜ ዕለት ጥቂት ጠበቆችና የሕግ መምህራን በሚገናኙበት ውይይት ላይ፣ ሊበራል ነኝ የምል ሰው ሆኜ ሳለሁ የጋናውን መሪ ክዋሜ ንክሩማን የምደግፍበትን ምክንያት ለግማሽ ሰዓት እንዳስረዳ ተጋብዣለሁ። ግብዣውን የተቀበልሁት ከሁለት ወር በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ባነበብሁ ቁጥር ጉዳዩ እየከበደኝ መጥቷል። በሙያዬ ጠበቃ ነኝ፣ ከምጽፋቸው ማመልከቻዎች ብዙዎቹም አካልን ነጻ የማውጣት፣ ማለትም ያለ ሕግ የታሰረ ሰው በፍርድ ቤት እንዲፈታ የሚጠየቅባቸው፣ አቤቱታዎች ናቸው። የፖለቲካ እምነቴ ሁሉ የሚነሣው ማንም ሰው ያለ ክስና ያለ ፍርድ ሊታሰር አይገባም ከሚል አንድ ነገር ነው። ንክሩማ ደግሞ ጋና ነጻ በወጣች በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ መንግሥት ያሠጋኛል ያለውን ሰው ያለ ፍርድ እስከ አምስት ዓመት ለማሰር የሚያስችል ሕግ በምክር ቤት ያጸደቀ መሪ ነው።

ያረፍሁት ከቸርችል ጎዳና ጀርባ፣ አጎቴ ቤት ነው። ጋሼ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ራት ላይ የመጣሁበትን ጉዳይ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች ሲሰበሰቡ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር መንገድ ዳር ተሰልፈው ባንዲራ ሲያውለበልቡ በፊታቸው ካለፉት መኪኖች ውስጥ የትኛው የማን እንደነበረ ባያውቁም፣ ከዚያ በኋላ ሰፈር ውስጥ ንክሩማን አይቻለሁ እያሉ ሲያወሩ ኖረዋል። ስለ እስሩ ሕግ ስነግራቸው ግን እንጀራውን እንደጠቀለሉ እጃቸው ትሪው ላይ ቆመ።

«ያለ ፍርድ አምስት ዓመት?»

«አዎ ጋሼ።»

ተነሥተው ወደ መኝታ ቤት ገቡና የእድር ደብተራቸው የሚቀመጥበትን የፕላስቲክ ከረጢት ይዘው ተመለሱ። ከውስጡ ያወጡት ለሁለት የታጠፈች ግማሽ ገጽ ወረቀት ናት። ስለ ወረቀቷ ከልጅነቴ ጀምሮ ብሰማም በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። ስማቸው፣ የአያታቸው ስም፣ የተለቀቁበት ቀን፣ ከግርጌዋም ጠርዙ የደበዘዘ ወይን ጠጅ ማኅተም አለባት። የታሰሩበት ምክንያት የለም፤ የተከሰሱበት አንቀጽም የለም። ሁለት ጊዜ አገላብጬ ያየሁት የሙያ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ጋሼ አራት ዓመት ከሰባት ወር ታስረው ወጥተዋል።

«ከዚህ ወዲያ ነው ደግፌዋለሁ የምትይው?» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም። እኔም ለመመለስ ቸኩዬ ያልሆነ ነገር ከመናገር ዝም ማለትን መረጥሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ጠዋት ከመስቀል አደባባይ ተነሥቼ በዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ሽቅብ ወደ አፍሪካ አዳራሽ ሄድሁ። አደባባዩ ደረጃዎች ላይ የሚሮጡት ወጣቶች እየተመለሱ ነበር፤ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊ ስለሆነ እንደ ድሮው ከሚኒባስ እየተጋፉ መሄድ ቀርቷል። አዳራሹ ያለው በመንግሥታቱ ድርጅት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ውስጥ ነው። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውና ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ይህ ሕንጻ፣ ለዓመታት ሲታደስ ቆይቶ ባለፈው ጥቅምት እንደገና ተከፍቷል። ዛሬ ወደ ውስጥ መግባት አልቻልሁም። ተማሪ ሳለሁ ግን በፈቃድ ገብቼ የአፈወርቅ ተክሌን ባለ ቀለም መስኮቶች አይቻለሁ። መቶ ሃምሳ ካሬ ሜትር የሚሸፍነው መስታወት የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን በሦስት ክፍል ያሳያል፤ ከውጭ ፀሐይ ስታርፍበት የወለሉ እብነ በረድ ቀይና ቢጫ ይሆናል። በዚያን ዕለት የአንዲት ጓደኛዬ ነጭ ነጠላ ቀለሙን ተቀብሎ መቅላቱን አስታውሳለሁ።

ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ያሰብሁት ግን ግንቦት 16 ቀን 1955 ዓ.ም. በዚያ አዳራሽ ስለተነገረው ንግግር ነው። ንክሩማ የዚያን ዕለት ለጓዶቹ መሪዎች ያቀረበው ሐሳብ አንድ የአፍሪካ ኅብረት መንግሥት ይቋቋም የሚል ነበር፤ የጋራ መከላከያ፣ የጋራ የውጭ ፖሊሲ፣ የጋራ ገንዘብና ማዕከላዊ ባንክ ያለው። ኢኮኖሚው ይቅደም፣ ፖለቲካው ቀስ ብሎ ይደርሳል የሚለውን አካሄድ አጥብቆ ተቃወመ። ብዙዎቹ አልተከተሉትም። በማግሥቱ የተፈረመው ቻርተር የመንግሥታት ማኅበር የሆነውን የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረተ፤ በሦስተኛው አንቀጹም የአባል ሀገሮችን ሉዓላዊ እኩልነትና አንዱ በሌላው የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አለመግባትን ደነገገ። ያንን ቻርተር ለመውለድ ሁለት ጎራ የነበሩትን፣ ፈጣን የፖለቲካ አንድነት የሚፈልገውን የካዛብላንካንና ቀስ በቀስ መቀራረብን የሚመርጠውን የሞንሮቪያን ቡድኖች፣ ለማቀራረብ የኢትዮጵያ መንግሥት፣ በተለይም የውጭ ጉዳይ ኃላፊው ከተማ ይፍሩ፣ ብዙ ደክመዋል። ያንን ድካም አላቃልልም። ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚኮራበት ነው፣ እኔም እኮራበታለሁ። ነገር ግን በዚያ ሳምንት የቀረውን ነገር ለመናገር ኩራቴ አያግደኝም።

የንክሩማ ደጋፊዎች ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 እንግሊዞች አስረውት ሳለ ከእስር ቤት ሆኖ በአክራ ተወዳድሮ ከ23,122 ድምፅ 22,780 ማግኘቱን፣ በ1954ና በ1956 ምርጫዎችም ፓርቲው ማሸነፉን ይጠቅሳሉ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን በነጻ ማድረጉን፣ በ1961 በወጣው ሕግም ነጻና ግዴታ ማድረጉን፣ በ1960 አሥር የምክር ቤት መቀመጫ ለሴቶች መመደቡን፣ ከመገልበጡ አንድ ወር ቀደም ብሎ የአኮሶምቦን ግድብ መመረቁን ይዘረዝራሉ። ሁሉም እውነት ነው፤ ለእኔ ግን ሊበራል የሚደግፍበት ምክንያት ሊሆኑ አይችሉም። በምርጫ የመጣ መሪ ሌላ ምርጫ እንዳይኖር ሊያደርግ ይችላል፤ ንክሩማም እ.ኤ.አ. በጥር 1964 ጋናን የአንድ ፓርቲ ሀገር ያደረገው 99.91 ከመቶ ድጋፍ አገኘ በተባለ ሕዝበ ውሳኔ ነው። ግድብና ትምህርት ቤት ደግሞ የማይሠራ አምባገነን ጥቂት ነው።

የእኔ ምክንያት የተቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው የጋና ሕገ መንግሥት ሁለተኛ አንቀጽ ውስጥ ነው። አንቀጹ፣ ሀገሪቱ በቅርብ ጊዜ ሉዓላዊነቷን ለአፍሪካ ኅብረት እንደምታስረክብ በመተማመን፣ የጋናን ሉዓላዊነት በሙሉም ሆነ በከፊል አሳልፎ የመስጠት ሥልጣን ለምክር ቤቱ ይሰጣል። ከሦስት ዓመት በፊት ነጻ የወጣ ሀገር፣ ገና የባንዲራው ቀለም ያልደበዘዘ መንግሥት፣ ሉዓላዊነቱ የመጨረሻው ነገር እንዳልሆነ በራሱ ሕገ መንግሥት ጻፈ። ይህን አንቀጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ እንደገና ከመጀመሪያው ተመልሼ ያነበብሁት ያልተለመደ ስለሆነብኝ ነው። ሊበራል ማለት የመንግሥት ሥልጣን ዳርቻ እንዲበጅለት የሚፈልግ ሰው ከሆነ፣ በእኛ አህጉር ዳርቻውን ከራሱ ሀገር ጀምሮ ለማበጀት ፈቃደኛ ሆኖ የቀረበው መሪ ይህ ያስቸገረን ሰው ነው።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ጋሼ አብረን እንውጣ ስላሉ ጠዋት መስቀል አደባባይ ዳር ወደሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ወሰድኋቸው፤ በትክክል ለመናገር እሳቸው ወሰዱኝ። ፎቶግራፎቹ የተደረደሩበት ግድግዳ ፊት ብዙ ቆሙ። አንድን ፎቶግራፍ መነጽራቸውን አውልቀው ቀርበው አዩ፣ መልሰው አደረጉ፣ ምንም ሳይሉ አለፉ። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። አፅሞቹ ወዳሉበት ክፍል ሳይገቡ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለጣለ ቤት ዋልን። ለቅዳሜ የያዝሁትን ወረቀት ሳነብ ጋሼ ጮክ ብለሽ አንብቢው አሉኝና የአኮቶን ጉዳይ እየተረጎምሁ አነበብሁላቸው። ባፉር ኦሴይ አኮቶ ለአሻንቲው ንጉሥ የቃል አቀባይነት ማዕረግ የነበራቸው ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1959 ከሌሎች ጋር በዚያ ሕግ ታሰሩ፤ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ አቀረቡ፤ ጉዳያቸው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጠበቃቸው ጄ. ቢ. ዳንኳህ፣ ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ሲይዙ ስለ ነጻነትና ፍትሕ የሚገቡት ቃል በሕገ መንግሥቱ 13ኛ አንቀጽ ላይ ስለተጻፈ ያለ ፍርድ ማሰርን ይከለክላል ብለው ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ በ1961፣ ቃሉ የሞራል ግዴታ እንጂ በፍርድ ቤት የሚያስገድድ መብት አይደለም ብሎ አቤቱታውን ጣለው።

«ጠበቃውስ?» አሉ ጋሼ።

ይህን ጥያቄ እንደሚጠይቁ አውቅ ነበር። ዳንኳህ በጋና የነጻነት ትግል ውስጥ ከንክሩማ የሚቀድሙ ሰው ናቸው። ንክሩማ እ.ኤ.አ. በ1947 ከለንደን ተጠርቶ የመጣው እሳቸው ከሌሎች ጋር በመሠረቱት ድርጅት ነው፤ በ1948 ከአክራው ረብሻ በኋላ እንግሊዞች ካሰሯቸው ስድስት መሪዎች መካከል ሁለቱም ነበሩ። የአኮቶን ጉዳይ በተከራከሩበት ዓመት ዳንኳህ በዚያው ሕግ ታሰሩ፤ ተፈቱ፤ በ1964 እንደገና ታሰሩ። ከእስር ቤት ሆነው ለንክሩማ አቤቱታ ጽፈዋል። በየካቲት 1965፣ በ69 ዓመታቸው፣ ንሳዋም እስር ቤት ውስጥ ሞቱ። የአኮቶን ጉዳይ ያዩት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አርኩ ኮርሳም አልቀረላቸውም፤ በ1963 ማብቂያ በንክሩማ ላይ ቦምብ በማስጣል የተከሰሱ ሦስት ሰዎችን ነጻ በማለታቸው በሁለተኛው ቀን ከሥልጣን ተነሡ።

ጋሼ ለረጅም ጊዜ የጣሪያውን ቆርቆሮ የሚደበድበውን ዝናብ ሲያዳምጡ ቆዩ። ከዚያ፣ «እኔ ጠበቃ አልነበረኝም» አሉ። «ቢኖረኝ ኖሮ ቢያንስ ስሜን የሚጽፍ ሰው ነበረ ማለት ነው።»

ማታ የቅዳሜውን ጽሑፍ መግቢያ ሰርዤ እንደገና ጻፍሁት። የቀድሞው መግቢያ የእስሩን ሕግ «አሳዛኝ ስሕተት» ይለው ነበር። ስሕተት አልነበረም፤ ታስቦበት የወጣ፣ ለዓመታት የተሠራበት፣ ሰው የሞተበት ሕግ ነው። ንክሩማን መደገፍ ይህን ማለስለስ የሚጠይቅ ከሆነ ድጋፉ ይቅር።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ውይይቱ የተካሄደው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በሚገኝ አንድ አነስተኛ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሃያ የምንሆን ሰዎች ነበርን፤ ቡናው የመጣው ንግግሩ ከተጀመረ በኋላ ስለነበር የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በስኒ ድምፅ መካከል ተናገርሁ። የተመረጠው ቀን በአጋጣሚ ከንክሩማ ንግግር 62ኛ ዓመት ጋር መግጠሙን ካነሣሁ በኋላ በቀጥታ ወደ ዳንኳህ ሞት ገባሁ፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው አንቀጽ።

ያቀረብሁት ክርክር በአጭሩ እንዲህ ነው። በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያሸነፈው ሐሳብ እያንዳንዱን መንግሥት በግንብ አጠረው፤ ግንቡ ከውጭ ጠላት የሚጠብቀውን ያህል ውስጥ ያለውን እስረኛ ከዓለም ዓይን ሸሸገው። ለዚህ ከዲያሎ ቴሊ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም። ጊኒያዊው ዲያሎ ቴሊ የድርጅቱ የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊ ሆነው እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1972 እዚሁ ከተማ የሠሩ፣ በእነዚህ ጎዳናዎች የተመላለሱ ሰው ናቸው። ሀገራቸው ተመልሰው ሚኒስትር ከሆኑ በኋላ በፕሬዚዳንት ሴኩ ቱሬ መንግሥት ታስረው በ1977 ቦይሮ ካምፕ በተባለው እስር ቤት በረኃብ እንዲሞቱ ተደረገ። ቻርተሩን በተግባር ለመተርጎም ስምንት ዓመት የደከሙለት ድርጅት ሊደርስላቸው አልቻለም፤ በራሱ ቻርተር ጉዳዩ የጊኒ የውስጥ ጉዳይ ነበርና። ንክሩማ የጠየቀው ይህን ግንብ ዝቅ የሚያደርግ ነገር ነው። የጠየቀው ለእስረኞች ብሎ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን በሕግ ሙያ የተማርሁት አንድ ድንጋጌ የሚመዘነው ያወጣው ሰው በልቡ ባሰበው ብቻ ሳይሆን በሚከፍተው በርም እንደሆነ ነው።

የመጀመሪያው አስተያየት ሰጪ ጸጉራቸው የሸበተ አንጋፋ ጠበቃ ነበሩ። «እመቤቴ፣ ንክሩማ ከተገለበጠ በኋላ ማን ዘንድ ተጠግቶ ኖረ?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልሱን ሁላችንም እናውቃለን፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1966 ወደ ሃኖይ ሲጓዝ መንግሥቱ ተገለበጠ፣ ጊኒ ሄደ፣ ሴኩ ቱሬም የክብር ተባባሪ ፕሬዚዳንት አደረገው። «እንግዲያውስ» አሉ ጠበቃው፣ «ያ ኅብረት ቢቋቋም ኖሮ ንክሩማና ሴኩ ቱሬ አንድ ላይ የሚመሩት ትልቅ እስር ቤት እንደማይሆን ምን ዋስትና ነበረን? ትንሹ እስር ቤት ቢያንስ ድንበር ተሻግረው የሚያመልጡበት ጎረቤት አለው።»

በሕይወቴ ከሰማኋቸው ተቃውሞዎች ሁሉ ይህ በጣም ከብዶኛል። የመለስሁት ያመንሁበትን ያህል ነው። ንክሩማ በዚያ ንግግር ባቀረበው ኅብረት ውስጥ ዜጋ መንግሥቱን የሚከስበት ፍርድ ቤት ስላልነበረ ተቃውሞው ትክክል ነው፤ እኔም የምደግፈው የ1955ቱን (እ.ኤ.አ. የ1963ቱን) ዝርዝር ዕቅድ አይደለም። የምደግፈው ሉዓላዊነት የሚከፈልና የሚሰጥ ነገር ነው የሚለውን መነሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የአፍሪካ ኅብረት ማቋቋሚያ ሰነድ በአራተኛው አንቀጹ በጦር ወንጀል፣ በዘር ማጥፋትና በሰብዓዊነት ላይ በሚፈጸም ወንጀል ጊዜ ኅብረቱ ጣልቃ የመግባት መብት እንዳለው ሲጽፍ፣ የአሩሻው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ሲቋቋም፣ የተሄደው በዚያ መነሻ ላይ ነው። ግለሰቦች በቀጥታ ወደ አሩሻ እንዲያመለክቱ ከፈቀዱት ጥቂት ሀገሮች አንዷ ጋና ናት። ዛሬ እንደ አኮቶ ያለ ሰው አክራ ላይ ቢሸነፍ የሚሄድበት ሌላ ደጅ አለው። አንጋፋው ጠበቃ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የመስማማት ይሁን የማዘን አልለየሁትም። ስንለያይ ግን የአኮቶን ውሳኔ ቅጂ ጠይቀውኝ ወስደዋል።

እሑድ፣ ግንቦት 17

የአፍሪካ ቀን። ከጋሼ ጋር በለገሃር ባቡር ተሳፍረን ሜክሲኮ ወረድንና ወደ አፍሪካ ኅብረት በእግራችን ሄድን፤ ጋሼ ቀስ እያሉ ስለሚራመዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብን። ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር ሠርታ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 የተመረቀው ሕንጻ ማማው ከሩቅ ይታያል። በግቢው ውስጥ የንክሩማ ሐውልት የቆመው በዚያው ምረቃ ጊዜ ነው፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት ከሰባት ዓመት በኋላ ተጨመረ። ያለ ፈቃድ ስለማይገባ ከአጥሩ ማዶ ቆምን።

ይህ ቦታ ከርቸሌ ነበር። በውስጡ ዓለም በቃኝ የሚባለው እስር ቤት የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ፈርሶ አዲሱ ሕንጻ እስከተሠራበት ጊዜ ድረስ እዚሁ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጽሕፈት ቤት ለዓመታት የከርቸሌ ጎረቤት ሆኖ ሠርቷል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ስድሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ እዚህ ተረሸኑ። ከመካከላቸው አንዱ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ናቸው፤ የአፍሪካ መሪዎች ቻርተሩን ሲፈርሙ የአስተናጋጇ ሀገር ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ። ይህን ለጋሼ መንገር አላስፈለገኝም። እሳቸው ናቸው በጣታቸው የድሮው በር በየት በኩል እንደነበረ፣ ስንቅ ይዘው የሚመጡ እናቶች የሚሰለፉበት ቦታ የት እንደነበረ ያሳዩኝ።

«ሐውልቱ የት ጋ ነው?» አሉ ቆይተው። ከቆምንበት በደንብ አይታይም ነበር፤ ወደ ሕንጻው ፊት ለፊት አመለከትኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው አዩ።

«መቆሙን አልጠላሁትም» አሉ። «ብቻ ያ ጠበቃ አብሮት የለም።»

«ስማቸው ዳንኳህ ነው፣ ጋሼ።»

«ዳንኳህ» አሉ፣ አፋቸው ላይ እንዲለመድ ያህል ደግመው። «ይህን ነገር ጽፈሽ የምታወጪው ከሆነ የእሱን ስም ከንክሩማ አስቀድሚው።»

ስንመለስ በሚኒባስ ተሳፈርን። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ ጋሼ ከደረት ኪሳቸው የፕላስቲኩን ከረጢት አወጡ፤ ገንዘቡ ያለው ከወረቀቷ ጎን ነበር። ከብሩ ጋር ተያይዛ እንዳትወጣ በአውራ ጣታቸው ያዝ አድርገው ከፈሉልኝ። እኔም ማስታወሻ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ከፍቼ የመጀመሪያውን ገጽ ርዕስ ሰረዝሁና እንዳሉኝ አድርጌ ልጽፈው ሞከርሁ፤ ስሞቹ ቦታ ቢለዋወጡም ሁለቱም እዚያው መስመር ላይ ቀሩ። ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት አውቶቡስ ወደ ሐዋሳ እመለሳለሁ፤ ማክሰኞ የማቀርበው አንድ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ አለኝ።